«ተይዟል» ያልኩት ቤት

ባለፈው እትም በባልና በሚስት መካከል ስላለው የገንዘብ ግልጽነት ተጨዋውተን ነበር። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን። ስለ ዋጋው አይደለም፤ ስለ ዋጋው ሁላችንም በቂ አልቅሰናል። የማወራችሁ ገንዘቡን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳለ «ለአንተ አይሆንም» ስለሚባለው ሰው ነው። ጉዳዩን በሌላ ሰው ታሪክ ብጀምረው ይቀልለኝ ነበር፤ ግን በራሴ በደል ልጀምር።

የምንኖረው ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉን፤ ሁለቱ ተከራዮች አሉባቸው። ሦስተኛው በተለቀቀ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደላላ የላካት አንዲት ወጣት ሴት በራችንን አንኳኳች። ልጅ አዝላለች። ክፍሉን አየች፤ ወደደችው። በዋጋውም ተስማማን። እኔም ወደድኳት። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «የት ሰፈር ነው ያደግሽው?» አልኳት። «እዚሁ ቀጨኔ ነኝ፤ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለችኝ።

ጉለሌ የኖረ ሰው ቀሪውን ሳይነገረው ያውቀዋል። የቀጨኔ እናቶች ጭቃ ረግጠው፣ በእጃቸው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን እየሠሩ ይህችን ከተማ ሲመግቡ ኖረዋል። እኛ ደግሞ እቃቸውን ገዝተን እነሱን በጎሪጥ ስናይ ኖረናል። ስሙን መጻፍ ይከብደኛል፤ ካልጻፍኩት ግን መሸፋፈን ይሆናል፤ «ቡዳ» እንላቸዋለን።

እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ። ሰው በዓይኑ ሰውን ይበላል ብዬ አላምንም። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የተማርኩት ትምህርት ሳይሆን የሌሎቹ ተከራዮቼ ፊት ታየኝ። «ቢሰሙ ይወጡብኛል፤ ከአንድ ቧንቧ አብረው አይቀዱም» አልኩ በልቤ። በአፌ ደግሞ «ውይ የኔ እህት! ለካስ ባለቤቴ ትናንት ለሌላ ሰው ቃል ገብቷል፤ ተይዟል» አልኳት።

«እሺ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ልጇን ከፍ አድርጋ አስተካክላ አዝላ ወጣች። እንዳላመነችኝ ከፊቷ አውቄያለሁ።

ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ የእሑዱን ስብከት ሲያዘጋጅ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። «ለማን ነው ቃል የገባሁት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የረሳሁት ሌሊት

ባለቤቴ ሌላ ነገር አልተናገረኝም። «የሐምሌውን ፍራሽ ታስታውሻለሽ?» ብቻ አለኝ።

እንዴት እረሳዋለሁ! ከተጋባን ገና ጥቂት ወራችን ነበር። የተከራየንባት ሴትዮ መልካም ሰው ነበሩ፤ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩን ነበር። አንድ ሌሊት ስንጸልይ ሰሙን። በማግስቱ «ጴንጤ መሆናችሁን መቼ ነገራችሁኝ? በግቢዬ እንዲህ ያለ ጸሎት አይጸለይም» ብለው የሦስት ቀን ጊዜ ሰጡን። በሦስተኛው ቀን በሐምሌ ዝናብ ፍራሻችንን በላስቲክ ጠቅልለን ወደ አንድ ወንድም ቤት ተሸከምን። ያን ሌሊት ርጥብ ፍራሽ ላይ ተኝቼ «ጌታ ሆይ፣ ቤት ስትሰጠኝ ማንንም ከደጄ አልመልስም» ብዬ ነበር።

ጌታ ቤት ሰጠኝ። እኔ ደግሞ መለስኩ። ያቺ ሴትዮ እንኳ ምክንያታቸውን በግልጽ ነግረውናል። እኔ ግን ዋሸሁ።

መድልዎ የቱ ነው?

አከራይ ስትሆኑ ተከራያችሁን መምረጣችሁ ኃጢአት አይደለም። ኪራዩን መክፈል ይችላል ወይ? በሌላ ቦታ ሰውና ንብረት አውኳል ወይ? ክፍሉ ለስንት ሰው ይበቃል? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚመለከቱት የሰውየውን ሥራና የቤቱን አቅም ነው። መድልዎ የሚጀምረው ሰውየው ባደረገው ሳይሆን በሆነው ነገር ስትመልሱት ነው።

ደላሎች በስልክ የሚጠይቁትን አስታውሱ። «ብሔራችሁ ምንድን ነው?» «ሃይማኖታችሁስ?» «ልጅ አላችሁ?» «ብቻሽን ነሽ? ባል የለሽም?» አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው አንድ ባልና ሚስት «ጎረቤት ያያል» ተብለው ከበር ተመልሰዋል። የኤች አይ ቪ ፍርሃት በበረታባቸው ዓመታት ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል የመጡ ሕሙማን በዚሁ በእኛ ወረዳዎች ላይኛው ዳርቻ ጠባብ ክፍል ለማግኘት ሕመማቸውን መደበቅ ነበረባቸው። ነፃው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ብዙዎች ተነሥተው ሠርተው አደሩ። ሕመሙ በመድኃኒት ሲታገስ፣ የአከራዩ ፊት ግን ቶሎ አልተፈታም።

የሸክላ ሠሪው፣ የሸማኔው፣ የአንጥረኛውና የቆዳ ፋቂው ነገር ከሁሉ ይልቅ የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! ሆኖም በጉለሌ የፓስተር ሚስት ግቢ ውስጥ አዋጁ አልደረሰም ነበር።

ጴጥሮስ የማን ቤት አደረ?

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ የሐዋርያት ሥራን ከፈትኩ። በምዕራፍ 9 መጨረሻ ሁልጊዜ የማልፈው አንድ ቁጥር አለ። ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው ስምዖን በሚባል ቁርበት ፋቂ ቤት ነው ይላል (9፥43)። ቁርበት ፋቂ የሞተ እንስሳ ቆዳ ስለሚነካ በአይሁድ ዘንድ እንደ ርኩስ የሚታይ፣ ሰው የሚሸሸው ባለሙያ ነበር። በእኛ አገር ቋንቋ «ፋቂ» ማለት ነው፤ ስድቡን ታውቁታላችሁ።

ጌታ መልአኩን ወደ ቆርኔሌዎስ ሲልከው የሰጠውን አድራሻ ደግሞ ተመልከቱ። በባሕር አጠገብ ያለው የፋቂው የስምዖን ቤት ነው (10፥6)። ሰማይ ያንን ቤት በባለቤቱ ሙያ ጠርቶታል፤ አላፈረበትም። ወንጌል ወደ አሕዛብ የወጣበት ራእይም የታየው በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ጴጥሮስ ከፋቂው ጣሪያ በታች ማደር ባይችል ኖሮ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት እንዴት ይገባ ነበር?

ይህ ብቻ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔርን አባታችንና ሠሪያችን ብሎ ሲጠራ እኛን ጭቃ፣ እርሱን ሸክላ ሠሪ ያደርገዋል (64፥8)። ጌታችን ሲወለድ በማደሪያው ስፍራ አልተገኘም (ሉቃ. 2፥7)። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ላይ ሰውን በፊቱ አይቶ ማዳላትን ከትንሽ የሥነ ምግባር ጉድለት ጋር አይቆጥረውም፤ በግልጽ ኃጢአት ይለዋል። በእሑድ «አባት ሆይ፣ ሸክላ ሠሪያችን ነህ» እያልን ጸልየን በሰኞ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ከበር መመለስ ምን ይባላል?

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ቅዱሳን ሲገፉ «ለጌታ ሰጥቼዋለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። ለጌታ መስጠት መልካም ነው። ጳውሎስም ለጌታ ሰጥቶ ነበር፤ ሆኖም ሊገርፉት ሲሉ ዜግነቱን ጠቅሶ መብቱን ጠይቋል (ሐዋ. 22፥25)። ስለዚህ መብታችንን እንወቅ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆነ፣ በብሔር፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሀብትና በትውልድ ልዩነት እንዳይደረግበት ይደነግጋል። «ማኅበራዊ አመጣጥ» የሚለውን አስምሩበት፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እዚያ ውስጥ አለች። አንቀጽ 32 ደግሞ የመኖሪያ ስፍራን የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኛ ከሌላው እኩል የት እንደሚኖር እንዲመርጥ መብቱን ያውቃል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ዋና ዋናው ይህ ነው፦

– የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ በሚመለከተው አካልም ይመዘገባል።
– የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ሊያንስ አይችልም።
– አከራይ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።
– ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።
– ኪራይ የሚጨመረው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ነው።

የዚህ አዋጅ ዋና ትኩረት የኪራይ ዋጋ፣ የውል ዘመንና ያለ አግባብ መባረር ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቤቱ ውስጥ ለገባ ሰው ነው። ዛሬ የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ ጸሎቱ ስለተሰማ ወይም ልጅ ስለወለደ በሦስት ቀን «ውጣ» ሊባል አይገባም። የሐምሌው ፍራሻችን ዛሬ ቢሆን ሰሚ አካል ነበረው። በበር ላይ የሚነገረውን «ተይዟል» በማስረጃ መያዝ ግን ከባድ ነው፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ በዚህ ነገር የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። በአሜሪካ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1968 የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ተፈርሟል። ዛሬ ይህ ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር፣ በጾታ፣ በአካል ጉዳትና ልጆች በመኖራቸው ምክንያት ቤት መከልከልን ያግዳል። በጣም የነካኝ፣ ክፍት ቤትን በዚህ ምክንያት «የለም፣ ተይዟል» ማለት በሕጉ ውስጥ ራሱን ችሎ የተጠቀሰ ጥፋት መሆኑ ነው። የተበደለ ሰው በ1 ዓመት ውስጥ ለአገሪቱ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በነፃ ማመልከት ይችላል። የመብት ድርጅቶችም ተመሳሳይ ገቢ ያላቸው ሁለት ሰዎችን ወደ አንድ አከራይ እየላኩ ማን እንደሚመለስ ይፈትሻሉ።

ቢደርስባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

*አንደኛ፣ ጻፉት።* ቀኑን፣ የቤቱን አድራሻ፣ ያነጋገራችሁን ሰው፣ የተባላችሁትን ቃል በዚያው ቀን በደብተር አስፍሩ። የደላላውን መልእክት ከስልካችሁ አታጥፉ። ከተቻለ ቤት ለማየት ብቻችሁን አትሂዱ፤ አብሮ የሰማ ሰው ምስክር ይሆናል።

*ሁለተኛ፣ ውል ይኑራችሁ።* «በእምነት ነው» አትበሉ። አከራያችሁ ወንድም ቢሆንም ተፈራረሙ፣ አስመዝግቡ። ኪራዩንም በባንክ ክፈሉ፤ ደረሰኙ አፍ አለው።

*ሦስተኛ፣ ወደ ወረዳ ሂዱ።* ውል ያላችሁ ሆናችሁ ያለ አግባብ «ልቀቁ» ከተባላችሁ ወይም ዋጋ ከተጫነባችሁ፣ እቃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት አቤት በሉ። ደንግጦ የወጣ ሰው መብቱን በር ላይ ትቶት ይሄዳል።

*አራተኛ፣ ከፍ ያለ ሰሚ አለ።* በማንነታችሁ ምክንያት ለደረሰባችሁ በደል ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የበደላችሁ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ከሆነ፣ ለምሳሌ በቀበሌ ቤት ጉዳይ ቢሆን፣ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ የሕግ ምክር ይረዳል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው።

*አምስተኛ፣ ለቤተ ክርስቲያናችሁ ንገሩ።* ሽማግሌዎች ሁለት ሆነው አከራዩ ዘንድ ቢሄዱ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይበርዳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች አዲስ ሰፈር እንግዳ ሆነዋል። በየኅብረታችን ክፍት ክፍል ያለውንና ቤት የሚፈልገውን የሚያገናኝ አንድ ሰው ብንመድብ ከደላላው ጥያቄ ብዙ ሰው ይድናል። ይህን ስንጽፍ ግን «ለአማኝ ብቻ» ብለን አንጻፍ። እኛን ያስለቀሰንን አጥር በተራችን አንሥራ።

ለባለትዳሮች አንድ ቃል

ቤት ፍለጋ ትዳርን ይፈትናል። ባል ከበር ከተመለሰ በኋላ እቤት ገብቶ ሚስቱን ይቆጣል። ሚስትም «አንተ ሰነፍ ስለሆንክ ነው» ትላለች። በደጅ የተዋጣችሁትን ስድብ እቤት አምጥታችሁ አትከፋፈሉት። ያን ቀን ማታ ተቀመጡና «የተናቅነው አብረን ነው» ተባባሉ። በልጆቻችሁ ፊት ደግሞ ስለ አመጣጣችሁ አትፈሩ። ልጅ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ» ማለትን የሚማረው ወይም የሚደብቀው ከወላጁ ፊት አይቶ ነው።

አከራይ የሆናችሁ ባልና ሚስት ደግሞ ክፍሉ ከመለቀቁ በፊት ተነጋገሩ። ለማንኛውም ሰው የምትጠይቁትን ጥያቄ በወረቀት ጻፉ፤ ለሁሉም ያንኑ ጠይቁ። «እኔ ምንም አይመስለኝም፣ ጎረቤቶቹ ግን...» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡት። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። የሌላውን ሰው ጥላቻ የምትፈጽሙለት ከሆነ ጥላቻው የእናንተ ሆኗል።

መጨረሻው

በሁለተኛው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ደላላውን ጠይቀን ልጅቷን አገኘናት። ከእኛ ግቢ በጣም በራቀ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ ገብታለች። ልጇ ያስላል። ቁጭ ብዬ «ዋሽቼሻለሁ፤ አልተያዘም ነበር። የመለስኩሽ እናትሽ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ነው። ይቅር በይኝ። ክፍሉ አሁንም ክፍት ነው፤ ነይ ግቢ» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለች። «ይቅር ብዬዎታለሁ እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ግን አልመጣም። ተከራዮችዎ ከቧንቧው ሲሸሹኝ እያየሁ፣ እርስዎም ስለ እኔ ሲሸማቀቁ እያየሁ መኖር አልችልም። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ልጄ ግን እንዲለምደው አልፈልግም።» ከዚያ ደግሞ «ለሚቀጥለው ሰው ግን እንዲህ አይበሉት» አለችኝ።

ይቅርታ አገኘሁ፤ የወሰድኩባትን ግን መመለስ አልቻልኩም። ንስሐ ሁሉን ነገር ወደ ቀድሞው ቦታው አይመልስም። ወደ ቤቴ ስመለስ ሁለቱን ተከራዮቼን ቡና ጠራኋቸውና ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ማንም በትውልዱ እንደማይመለስ፣ ይህን የማይወድ ሰው ካለ ደግሞ እንድንነጋገር ነገርኳቸው። አንዷ አቀረቀረች። ሌላዋ ግን «እትዬ፣ የኔም አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በግቢዬ እየፈራች ኖራለች፤ እኔ ደግሞ ለእሷ ብዬ ነበር ያቺን ልጅ የመለስኳት።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት የቤታችሁን ጀበና ስታነሡ የሠራችውን እጅ አስቡ። ክፍት ክፍል ያላችሁ በራችሁ ሲንኳኳ ከመልሳችሁ በፊት የፋቂውን የስምዖንን ቤት አስቡ። ከበር የተመለሳችሁ ደግሞ ማደሪያ ያጣው ጌታ ያውቃችኋል፤ መብታችሁንም ጠይቁ፤ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። በሚቀጥለው እትም በቸር ያገናኘን።